ወፏና የቤታችን ምድጃ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባ ደን አይታችሁት ይሆን? ጥድ፣ ወይራና ኮሶ በሞላበት በዚህ ጥንታዊ ደን ናሪና ትሮጎን የምትባል ወፍ ትኖራለች። ጀርባዋ አረንጓዴ፣ የወንዱ ሆድ ደግሞ ደማቅ ቀይ ነው። ሆኖም ጀርባዋን ሰጥታ ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ስለምትቀመጥ ከቅጠሉ ለመለየት ያዳግታል።

በቅርቡ አሥራ ሁለት ሆነን ከነልጆቻችን ልናያት ሄድን። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንጋጠን ፈልገን አጣናት። በመጨረሻ ያሳዩን ጭራሮ ይለቅሙ የነበሩ አንዲት እናት ናቸው። «ልጆቼ፣ ጫጫታ አትወድም፤ ዝም ብላችሁ ያን ወይራ እዩ» አሉን። ዝም ስንል ወንዱ ዞረ፤ ቀዩ ሆዱ ታየ።

ይህች ወፍ እንቁላሏን የምትጥለው ባረጀ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው። ዛፉ ለማገዶ ሲቆረጥ ቤቷም አብሮ ይፈርሳል። ነገር ግን ጥፋቱን እንጨት በሚሸከሙ እናቶች ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ እንጨቱ የሚነደው በየቤታችን ነውና። ስለዚህ እህቶች፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መያዝ የወጥ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቻችሁንም ወደ ደን ውሰዷቸው፤ ዝም ብሎ ማየትን ይማሩ።