ሳባ የምትባል ደሴት

በካሪቢያን ባሕር የምትገኘውን፥ የሆላንድ መንግሥት ግዛት የሆነችውን ትንሽ ደሴት ሳባን ለማየት ሄደን ነበር። ስፋትዋ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ሕዝብዋም 2000 ያህል ነው። አገሩ ጸጥ ያለ፥ ምድሩ ግን ገደል ነው፤ ቀድሞ ዕቃው ከባሕር ዳር 800 ደረጃ ባለው መውጫ በሰው ጫንቃ ይወጣ ነበር። የሆላንድ መሐንዲሶች መንገድ አይሠራበትም ቢሉ፥ ጆሴፉስ ላምበርት ሀሰል የተባለ የአገሩ ተወላጅ በደብዳቤ በሚላክ ትምህርት የመንገድ ሥራ ተማረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ከአገሩ ሰዎች ጋር በእጅ መሥራት ጀመረ፤ መንገዱም በ1958 ዓ.ም. ተፈጸመ። ዛሬ ለሕክምና ትምህርት ከውጭ አገር የመጡ ወጣቶች በዚሁ መንገድ ሲመላለሱ አየን። ትምህርት ከሩቅ ቢመጣም፥ ተቀብሎ በሥራ ለሚገልጠው ሰው ገደሉን ሜዳ እንደሚያደርግለት በዚህ ተረዳን።