ጉርዱ ሁለት ሌሊት ይንጠልጠል

ቤይሩት ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። እንጀራዬ የቤት ሥራ ቢሆንም እጄ የስፌት ነው፤ ደሴ እያለሁ ልብስ ሰፊ አጎቴ ዘንድ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና ተማርኩ። ማዳም ይህን ስትሰማ ጣጣው መጣ።

ልጇ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቲያትር ትሠራለች። ታሪኩ የድሮ እንግሊዝ ነው፤ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1910 የነገሡበት ዘመን። የዚያን ጊዜ ጉርድ በስልኳ ስታሳየኝ ወገቡ ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። ዳሌ ላይ ልጥፍ ይልና ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ ይከፈታል። የእኛ አገር ቀሚስ ስፋቱን ከሽብሽብ ያገኛል፤ ይሄ ግን ከቁርጡ ነው፣ ጨርቁ በክብ ይቆረጣል።

ሒሳቡ አይከብድም። ወገቧ 63 ሳንቲሜትር ነው፤ የኋላ ስፌት የሚበላውን 3 ስጨምር 66። ለግማሽ ክብ ይህን ለ3.14 ማካፈል ነው፣ 21 ይመጣል። ሜትሩን የጨርቁ ጠርዝ መሐል ላይ በስፒል ወግቼ፣ በ21 የወገቡን፣ ርዝመቱን 102 ጨምሬ ደግሞ በ123 የታችኛውን መስመር እያዞርኩ በሳሙና አሰመርኩ። ወርዱ 150 የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ከቡርጅ ሐሙድ የተገዛ፣ ሁለት ሜትር ተኩል በቃኝ። ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጠርዞች ከኋላ ይጋጠማሉ፤ መክፈቻውም እዚያው ነው።

የወገቡን ቀበቶ ገጥሜ እንደጨረስኩ ማዳም መጣች። "ጠርዙን ዛሬ ጨርሺው፣ ነገ ልምምድ አላት።"

አይሆንም አልኳት። አምስት ዓመት "ሀዲር፣ ሀዲር" ስል ኖሬ፣ በዚያ ቤት የመጀመሪያዬ "አይሆንም" ይሄ ነበር መሰለኝ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። በክብ የተቆረጠ ጨርቅ ጎኖቹ ላይ ክሩ ሰያፍ ስለሚወድቅ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ሳይንጠለጠል ከተቀመቀመ በሳምንቱ ግራና ቀኙ ይወርዳል። ያኔ ስድቡ ለማን እንደሚደርስ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ልጅቷ ወደ ልምምዱ በሌላ ቀሚስ ሄደች። ጉርዱን ሁለት ሌሊት የማድቤቱ በር ላይ ሰቀልኩት። በሦስተኛው ቀን አልብሻት ከወለሉ ስለካ ጎኖቹ ሁለት ጣት ወርደዋል። ማዳም ራሷ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም አላለችም። ትርፉን ቆረጥኩ። ክብ ጠርዝ ሰፊ እጥፋት አይቀበልም፣ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ በዚያው ቅርጽ የተቆረጠ ቁራጭ ከውስጥ ገጠምኩለት። እሱን በእጅ ስዘመዝም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆነ።

ስፌት ኮንትራቴ ውስጥ የለም። ቀን ጠርጌ፣ አብስዬ፣ ማታ ነው የሰፋሁት። 40 ዶላር ጠየቅኩ።

"አንቺ'ኮ የቤታችን ልጅ ነሽ" አለችኝ።

የቤት ልጅማ በዚያ ሰዓት ተኝታ ነበር፤ ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ "40 ነው" ብዬ ደገምኩ። 20 ሰጠችኝ፣ ቀሪው ወር መጨረሻ ተባለ።

ቲያትሩን አላየሁትም፤ እሑድ አልነበረም። ልጅቷ ቪዲዮውን አሳየችኝ፤ ስትዞር ጠርዙ ዙሪያውን እኩል ነው። ሁለት ጓደኞቿም ስፊልን ብለውኛል። ለእነሱ ዋጋውን መቀስ ሳላነሳ ነግሬያቸዋለሁ። የማዳምን 20 ዶላር ገና እየጠበቅኩ ነው።