ለበዳይ ትዕግሥት፥ ለቍስል ፍጥነት

«አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ሰው በወገኑ ጉዳት ማዘን እንደሚገባው ለማስተማር ነው። ነገር ግን ዓይን አልቅሶ ዝም ቢል፥ የተመታው አፍንጫ በልቅሶ ብቻ አይድንም። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ከኀዘኑ ቀጥሎ መሠራት ስላለበት ነገር ጥቂት ላጫውታችሁ።

አቦምሳ ከተማ ውስጥ በጉርብትና የማውቀው አንድ ጨዋ ልጅ አለ። በአንድ የገና በዓል ከባልንጀሮቹ ጋር ገና ሲጫወት፥ የቅርብ ወዳጁ ሩሩን እመታለሁ ብሎ የሰነዘረው ዱላ አፍንጫው ላይ ዐረፈ። ደሙ ብዙ ፈሰሰና ቆመ። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቈጣም ስለሚባል፥ ልጁ ወዳጁን ስቆ አቀፈው፤ ለወላጆቹም እንቅፋት መትቶኝ ወደቅሁ ብሎ ነገራቸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ምክንያቱን ስጠይቀው፥ «ጋሼ፥ ሐኪም ቤት ብሄድ ማን መታህ እባላለሁ፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ በሁለታችን ቤተ ሰብ መካከል ነገር ይነሣል ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

እንዲህ ያለው ልብ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ዝምታው ጠብን አራቀ እንጂ አፍንጫውን አላዳነም። እብጠቱ ሲጎድል አፍንጫው ወደ ግራ ጠሞ ታየ፤ ውሎ አድሮም መካከሉ እንደ ኮርቻ ጎደጎደ። አንደኛው ቀዳዳ ስለ ተዘጋ ሌሊት አፉን ከፍቶ ይተኛ ጀመር። የሰፈር ልጆችም ቅጽል ስም አወጡለት። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የወዳጁ ነገር ነበረ፤ ምሕረት የተደረገለት ሲሆን፥ ያን ፊት ባየ ቍጥር ዓይኑን ወደ መሬት ይጥል ነበር።

አፍንጫ እንዲህ የሚጎድጎደው በምን ምክንያት ነው? የላይኛው ክፍሉ አጥንት ነው፤ የታችኛው ክፍልና ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ግን በአብዛኛው እንደ ጆሮ የሚታጠፍ ለስላሳ አጥንት ነው። ይህ ለስላሳ አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከለበሰው ስስ ሽፋን ይመገባል። በምት ጊዜ በሁለቱ መካከል ደም ከተጠራቀመ ምግቡ ይቋረጥበታል፤ ሐኪም ደሙን ቶሎ፥ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ ካላወጣለት በጥቂት ቀናት ይሞታል፤ መግልም ሊቋጥር ይችላል። የተሰበረውን አጥንት ደግሞ ሐኪሙ አደንዝዞ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚቀለው እስከ 2 ሳምንት ድረስ ነው፤ ለሕፃናት ጊዜው ከዚህም ያጥራል። ከዚያ በኋላ አጥንቱ እንደ ጠመመ ይጠናል።

ቀኑ ቢያልፍም ተስፋ ተቈረጠ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ 6 ወር ያህል ተጠብቆ፥ የጠመመው አጥንት እንደ ገና ተቈርጦ ይቃናል፤ የጎደለውም ከጆሮ ወይም ከጎድን በተወሰደ ለስላሳ አጥንት ይሞላል። የአፍንጫው ቆዳ ጭምር ለጠፋበት ሰው ደግሞ የግንባሩ ቆዳ፥ ደም እንዲደርሰው አንዱ ጫፍ ሳይቈረጥ፥ ወደ ታች ተመልሶ ይሰፋለታል።

ይህ ጥበብ የትናንት አይደለም። በሕንድ አገር ኮዋስጂ የሚባል የእንግሊዞች ጦር በሬ ነጂ በጠላት እጅ ወድቆ አፍንጫው ተቈርጦ ነበር። በፑና አጠገብ ከጡብ ሠሪዎች ወገን የሆነ ባለ ሙያ በግንባሩ ቆዳ እንደ ጠገነለት፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. አንድ የለንደን መጽሔት አወራ፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም ከዚህ ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1917 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሲድካፕ በተከፈተው ሆስፒታል፥ ሃሮልድ ጊሊስና ባልደረቦቹ ከ5,000 የሚበልጡ ቍስለኞችን አክመዋል። ዛሬም በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በፕላስቲክ ሰርጀሪ ሕክምና የታወቀ ነው።

የአቦምሳውን ልጅ ለሕክምና ያበቃው ወዳጁ ነው። ከወላጆቹ ፊት ቆሞ «የመታሁት እኔ ነኝ» አለ። የተፈራው ጠብ አልተነሣም። በጎቹን ሸጦ ለጉዞው ረዳው፤ አዲስ አበባም አብሮት ወረደ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አፍንጫው ልክ እንደ ቀድሞው ሆነ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን በሁለቱም ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ ወዳጁም ቀና ብሎ ያየዋል።

አንዳንድ ሰዎች ፈጣሪ የሰጠውን መልክ ማስለወጥ ትዕቢት ነው ይላሉ። ዱላ የሰጠው መልክ ግን ፈጣሪ የሰጠው አይደለም። የተሰበረ እግሩን ያስጠገነ ሰው እንደማይነቀፍ፥ የትንፋሹን በር ያስጠገነም ሊነቀፍ አይገባውም።

እንግዲህ ባልንጀራችሁ አፍንጫው ቢመታ፥ አስቀምጡትና ወደ ፊት ዘንበል ይበል፤ ወደ ኋላ አይቃና። ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጨብጦ ይያዝ። ወጌሻ እንዲያሸው አትፍቀዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት አድርሱት። ይልቁንም ሁለቱም ቀዳዳዎች ከተዘጉ፥ ወይም እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ከወረደ፥ ይንጋና እናያለን አትበሉ።

ይቅርታ ማድረግ መልካም ነው። ነገር ግን ይቅርታ በደልን መተው እንጂ ቍስልን መሸሸግ አይደለም። የመታም ሰው ዝም ስለ ተባለለት ዕዳው አልተከፈለም፤ የተመታውን ደግፎ ሐኪም ዘንድ ሲያደርሰው ግን ይቅርታውን በእውነት ተቀበለ ይባላል።