ለአንድ ሰው አንድ ቅጂ

ሁለት ቅጽና 704 ገጽ ያለው፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ታቅፈው የማያነቡት አንድ መጽሐፍ አለ። ስሙ «ጄነሲስ» ይባላል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው የብራዚላዊው ፎቶግራፍ አንሺ የሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ነው። የጀርመኑ አሳታሚ ታሸን እ.ኤ.አ. በ2013 መጽሐፉን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ከተራው እትም ሌላ ቁጥር የተሰጣቸውና ሳልጋዶ በእጁ የፈረመባቸው 2,500 ቅጂዎችን ለሰብሳቢዎች አዘጋጀ። መጽሐፉ የሚቀመጥበትን የእንጨት አትሮንስ የነደፈው ስመ ጥሩው የጃፓን አርክቴክት ታዳዎ አንዶ ነው። ዋጋውም የሚቆጠረው በሺህ ዶላር ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። ከሥራው በሰፊው ከሚታወቁት ፎቶግራፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በማጎ ብሔራዊ ፓርክ፣ ዳርጉይ በምትባል የሙርሲ መንደር የተነሣ ነው። ከንፈራቸው ላይ ሸክላ የሚያደርጉትን የሙርሲ ሴቶች ያሳያል። መግለጫው የመንደሪቱን ስም ጠቅሶ ጂንካ አጠገብ መሆኗን ይናገራል። እንግዲህ የጂንካ ስም ከዓለም ውድ መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ ሰፍሯል ማለት ነው።

እኔም በዐቅሜ የደራሲ ፊርማ ያረፈባቸውን መጻሕፍት እሰበስባለሁና የሰብሳቢን አመል አውቀዋለሁ። ሰብሳቢ የሚሻው የመጽሐፉን ቃል ብቻ አይደለም፤ ቃሉማ በተራው እትም ሞልቷል። የሚሻው የደራሲው እጅ የነካውን ቅጂ ነው። አሳታሚው ቁጥሩን 250 ብሎ ከቆረጠ፣ 251ኛው እንደማይታተም ለገዢው ቃል ገባ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲወሰን ግን ሌላ ጣጣ ይከተላል። ገንዘብ ያለው ዐሥሩን ጠቅልሎ ይወስድና በማግስቱ በዕጥፍ ይሸጠዋል። ለዚህም ሦስት መላ ተበጅቷል። አንደኛው ለአንድ ሰው ከአንድ ቅጂ በላይ አለመሸጥ ነው። ሁለተኛው ፈላጊው ከቅጂው ሲበዛ ዕጣ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ደራሲው ከፊርማው ጋር የገዢውን ስም እንዲጽፍ ማድረግ ነው፤ «ለእገሌ» የተባለ መጽሐፍ ለነጋዴ አይመችምና።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ከፊቴ የቆመ ሰው ሰባት ቅጂ አስፈርሞ ሲወጣ አይቻለሁ። ከእኔ በኋላ የተሰለፉት ተማሪዎች «አልቋል» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፊርማው ያለባቸው ሁለት ቅጂዎች በአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ ዋጋቸው ሦስት ዕጥፍ ሆኖ ተደርድረው አገኘኋቸው። ሰውየው የጣሰው ደንብ የለም፤ ደንቡ ራሱ አልነበረምና። «ለአንድ ሰው አንድ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ከተማሪዎቹ ጥቂቶቹ አንዳንድ ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር። ስለዚህ የግዢ ገደብን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ስኳር በኩፖን ይወስድ የነበረ ቤተሰብ ነገሩን ያውቀዋል፤ ጥቂት ነገር ለብዙ ሰው የሚዳረሰው ሲሰፈር ነው።

ይሁን እንጂ እጥረትም ዓይነት ዓይነት አለው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ብርቅ የሆነው አሳታሚው ቁጥር ስለ ወሰነለት አልነበረም፤ መንግሥት ከገበያ ስላስነሣው ነበር እንጂ። ደራሲው በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። የተረፉት ቅጂዎች በምስጢር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፉ። ያኔ የመጽሐፉ ባለቤት ክብር በማዋሱ ላይ ነበር። ሆን ተብሎ የተሠራ እጥረት ግን ማዋስን አያስተምርም፤ ሣጥን ያስቆልፋል።

ወደ ጂንካ የወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ቆጠራ ያጋጥመዋል። ጎብኚው ሙርሲ መንደር ደርሶ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ይከፍላል። ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ፣ ብዙ ጊዜም ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ነው። አንዳንዱ ጎብኚ «ገንዘብ አበላሻቸው» እያለ ይመለሳል። ለእኔ ግን ሴትየዋ የምታደርገው አሳታሚው ከሚያደርገው የተለየ ሆኖ አልታየኝም። እርሱም ይቆጥራል፣ እርሷም ትቆጥራለች። የእርሷ ቆጠራ ግን ካሜራው ከረጢት ውስጥ ሲገባ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ሥዕሏ መቶም ይታተም መቶ ሺህ፣ ፊርማ ይኑርበት አይኑርበት፣ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ጂንካ ውስጥ በአስጎብኚነት ለሚሠራ አንድ ወጣት አጫወትሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚሸጡት አልኸኝ?» አለ።

«ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው» አልሁት።

«ታዲያ ለሴትየዋ ስንተኛው ቁጥር ይያዝላታል?»

የግዢ ገደብ ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ገዢን ከገዢ ጋር ያስታርቃል፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም። አንድ ቅጂ ያመለጠው ሰብሳቢ በደሉን ሲያወራ ለጉድ ነው፤ እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ! ፊቷ የመጽሐፉ ገጽ የሆነው ሴት ግን ወረፋውም ላይ የለችም። «መጽሐፉ ምን ያደርግላታል? አታነበው» የሚል ቢመጣ፣ የሥዕል መጽሐፍ ለማየት ፊደል መቁጠር አያሻም እለዋለሁ። ደግሞም ነገ ልጇ ያነበዋል።

መፍትሔው ከእኛ ልማድ የራቀ አይደለም። በብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ከተጻፈ በኋላ፣ የሰረቀውና የሸጠው ውጉዝ እንዲሆን የሚያሳስብ ቃል ይሰፍራል። መጽሐፉ የቦታው ነው፤ ማንም ባለጸጋ ወረፋ ይዞ አይገዛውም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 179/1991ም አሳታሚዎች ከሚያሳትሙት ሥራ ቅጂ ገቢ እንዲያደርጉ ያዛል። አሳቡ አንድ ነው፤ ከገበያው በፊት የሚነሣ ድርሻ አለ።

ይኸው አሳብ ቁጥራቸው ለተወሰነ መጻሕፍትም ይሥራ እላለሁ። ከአንድ አገር ሰዎች ፊት፣ ታሪክ ወይም ዜማ የተሠራ መጽሐፍ ሽያጩ ከመከፈቱ በፊት፣ የመጀመሪያው ቁጥር የማይሸጥ የማይለወጥ ሆኖ ወደዚያው አገር ይላክ። ጂንካ ማስቀመጫ አላጣችም፤ ኮረብታዋ ላይ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል አለ፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ለቅዳሜ ገበያ ከየመንደሩ የሚወጡ ሰዎች ገብተው ራሳቸውን፣ እናታቸውን፣ ጎረቤታቸውን ሊያዩ ይችላሉ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ድርሻ ነው። የውጭውን አሳታሚ ብቻም አይመለከትም። አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ ኦሞ፣ ስለ መንዝ ወይም ስለ ባሌ የምንጽፈውንም ይመለከተናል፤ ምረቃችንን በሆቴል አዳራሽ ደግሰን፣ ለወዳጅ ዘመድ ፈርመን፣ ባለታሪኮቹን የምንረሳ ብዙዎች ነንና።

ቁጥር 1 ጂንካ ቢቀመጥ የእኔ ዓይነቱ ሰብሳቢ የሚጎድልበት ነገር የለም። ከቁጥር 2 ጀምሮ ይሰለፋል።