የተንቀጠቀጠው ወሰን

አንድ የቅየሳ ምሩቅ የአዲስ አበባን የይዞታ ካርታ በኮምፒውተር ሲነድፍ መስመሮቹ ተንቀጠቀጡበት፤ ሁለት ጎረቤቶች የሚካሰሱበት አጥርም ስፍራውን የለቀቀ መሰለ። ልኬቱን ተጠራጥሮ ዳግመኛ ለካ፤ ልዩነት ግን አላገኘም።

ምክንያቱ የቁጥሩ ግዝፈት ነበር። በዩቲኤም ዞን 37 ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 1,000,000 ሜትር ገደማ ትርቃለች። ፋይሉ ቁጥሩን በ64 ቢት በትክክል ቢይዝም፣ በ32 ቢት የሚሣለው የስክሪን ምስል በዚያ ርቀት እያንዳንዱን ነጥብ በ6.25 ሳንቲሜትር እርከን ያጠጋጋዋል።

መፍትሔው ከሁለቱም ኮኦርዲኔቶች አንድ አንድ ክብ ቁጥር ቀንሶ ንድፉን ወደ መነሻ ነጥቡ ማቅረብ ነው። የተቀነሰው ካልተመዘገበ ግን አጥሩ በምድር ላይ ያለውን አድራሻ ያጣል። ስለዚህ ምሩቁ ከመስመሮቹ ሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ቁጥሮች በንድፉ ራስጌ ጻፈ።