አሠልጣኙስ ለምን አይመጣም?

ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጅማ፣ በበደሌ አድርጋችሁ ወገባችሁ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ስትደርሱ፣ ድካሙን የሚያስረሳችሁ የኢሉባቦር ቡና ነው። እኔ ግን የሄድኩት ለቡናው አልነበረም፤ የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ነው። ከጎሬ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። እዚያ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል፤ እኔም ለመድኩት።

ማታ ቡና እያፈላች «የሥራ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው» አለችኝ። ለማሳደስ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥቡ የሚገኘው በሥልጠና፣ ሥልጠናው ደግሞ... አዳማ፣ ሆቴል ውስጥ! «ደብዳቤው ሲመጣ የሚሄደው አለቃችን ነው። ካዋለደ ስንት ዓመቱ!» ተሳሳቅን። በኢንተርኔት መማርም ይቻላል አሉ፤ ኔትወርኩ ከፈቀደ።

ሳቃችን የቆመው ቀጥላ ባወራችኝ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት፣ ሌሊት፣ አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። «አንሶላውን አየሁና ብዙ አይደለም አልኩ» አለችኝ። በዓይን ግምት! አምቡላንሱም ጭቃ ይዞት ዘገየ። እናትየዋ መቱ ደርሳ ደም ተሰጥቷት ተረፈች። ሲስተር ግን ያንን አንሶላ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ተመልሼ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸውላችሁ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት ይፋ ሆኗል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ ከ200 ሺህ በላይ ወላዶችን ያካተተ ነው። ደሙን በዓይን ከመገመት መለኪያ ባለው ፕላስቲክ መሰብሰብ፤ ከበዛ ደግሞ ማህፀን ማሸቱን፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ትራኔክሳሚክ አሲዱን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽና ምርመራውን ተራ በተራ ሳይሆን አንድ ላይ ማድረግ። በቃ ይኸው ነው! ከባዱ የደም መፍሰስና መዘዙ በ60 በመቶ ቀነሰ። በ2025 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት «500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ አትጠብቁ፤ የልብ ምቷ ወይም የደም ግፊቷ ከተዛባ ከ300 ጀምሮ እርምጃ ውሰዱ» የሚል መመሪያ አወጣ። ሲስተር ኮሌጅ የተማረችው 500 ነው። ማን ይንገራት?

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ጥናት አዋላጆቹ የሠለጠኑት ሆቴል ሄደው አይደለም፤ እዚያው ሥራ ቦታቸው፣ በማስመሰያ እየተለማመዱ ነው። መቱ እኮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ካርል ሆስፒታልም አለ። ከዚያ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ሠላሳ ሰው አዳማ ከማመላለስ አንድ አሠልጣኝ መላክ አይቀልም? አበሉ ይቀራል እንጂ ዕውቀቱ ይደርሳል።

«ፍትሐዊ ሕክምና» የሚባለውን ቃል ዜና ላይ ስንሰማው ኖረናል። ለእኔ ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ቦሌ የምትወልድ እናትና ከጎሬ ወዲያ የምትወልድ እናት እኩል የሚያውቅ እጅ ይቀበላቸው። ፈቃዱ ለሁሉም አንድ ከሆነ፣ ትምህርቱስ?

ያነበብኩትን በአማርኛ አሳጥሬ በቴሌግራም ላኩላት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኔትወርክ ስታገኝ፣ «ይህን ያኔ ባውቀው...» ብላ መለሰችልኝ።

ቸር እንሰንብት!