የጠዊላ ሰሌዳ፦ ከኢንማ ከተማ እስከ ክሬተር

በየመኗ የወደብ ከተማ በኤደን በመንገድ ዳር የሚገኙ የታሪክ ምልክቶች በብዛት ያሉት ባሕር ውስጥ ገብቶ በቆመው የእሳተ ገሞራ ተራራ ዙሪያ ነው። ኢንማ ከተማ ከዚያ ውጭ፣ በሜዳው ላይ የተሠራ አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ነውና ለመታሰቢያ ሰሌዳ የሚበቃ ዕድሜ ገና አልቆጠረም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አሮጌዋ ከተማ ወደ ክሬተር የሚሄድ መንገደኛ በ1954 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ የጀመረውን የትንሿ ኤደን የነዳጅ ማጣሪያ በስተምዕራብ ትቶ፣ የኾርመክሰርን አሸዋማ ልሳነ ምድር ይሻገራል።

በዚህ አካባቢ መንገዶች ኢትዮጵያውያን ስደተኞችም በእግር ያልፋሉ። ከኦቦክና ከቦሳሶ በጀልባ ተሻግረው፣ በላሕጅና በኤደን አድርገው ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚያቀኑ ናቸው፤ በባሕሩ ላይ የቀሩትም ብዙ ናቸው። ለእነርሱም በዚህ መንገድ ዳር አንድ ድንጋይ ቢቆም ይገባል።

ወደ ክሬተር የሚያስገባው በር ዓቀባ ይባላል። ቃሉ የአማርኛውን አቀበት ያስታውሳል፣ ትርጉሙም ያው ነው። አለቱ ተፈልፍሎ የወጣ ጠባብ መተላለፊያ ሲሆን፣ በላዩ የነበረው ቅስት ድልድይ በ1960ዎቹ መንገዱ እንዲሰፋ ፈርሷል። ስሙ ግን ዛሬም በሰው አፍ አለ፤ አንዳንድ ቦታ ከድንጋይ ይልቅ ስም ታሪክን ይጠብቃል።

ከአቀበቱ ወዲያ ከተማዋ በጠፋው እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ተቀምጣለች። በባሕሩ በኩል የሲራ ምሽግ ይታያል። የእንግሊዙ ሻምበል ስታፎርድ ሄይንስ ከተማዋን የያዛት ጥር 19 ቀን 1839 ነው። ሰበብ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት በኤደን አቅራቢያ ተሰብሮ የተዘረፈ የሕንድ መርከብ ነበር፤ እውነተኛው ምክንያት ግን በእንፋሎት ለሚሄዱት መርከቦች የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ ማስፈለጉ ነው። ያኔ ነዋሪው ወደ 600 ሰው ብቻ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ኤደን የመርከብ ሁሉ ማረፊያ ሆነች። ሄይንስ ራሱ የሒሳብ ጉድለት ተገኘበት ተብሎ በቦምቤይ ስድስት ዓመት ታስሮ፣ በ1860 በተፈታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። በወደቡ ሰፈር በተዋሂ የቆመው ሐውልት ግን የእርሱ ሳይሆን የንግሥት ቪክቶሪያ ነው።

በክሬተር የሚነገረው ሌላው ስም የፈረንሳዊው ገጣሚ የአርተር ራምቦ ነው። በ1880 ለቡና ነጋዴ ሊሠራ ኤደን ደርሶ፣ በዚያው ዓመት ወደ ሐረር ተሻገረ፤ በ1887 ደግሞ ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ምኒልክ ዘንድ መጣ። ለሐረርም ለኤደንም የጋራ የሆነ ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ ሊቆዩበት የሚገባው ግን በሸምሳን ተራራ ሥር ያለው የጠዊላ ሸለቆ ነው። እዚያ ከእሳተ ገሞራው አለት የተፈለፈሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች አሉ። ከ50 በላይ እንደነበሩ ይነገራል፤ ዛሬ የሚታዩት 13 ገደማ ናቸው። አሠራሩ ሲታይ ያስደንቃል። ገንዳዎቹ ከላይ ወደ ታች የተያያዙ ናቸው፤ የላይኛው ሲሞላ ትርፉ ወደ ታችኛው ይፈስሳል። ግድግዳቸው ውኃ እንዳያሳልፍ በልስን ተመርጓል፤ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ሳይሆን የአለቱን ቅርጽ ተከትሎ የሚጠማዘዝ ነው፤ ወደ ታች የሚወርዱ ደረጃዎችም አሏቸው። ዝናብ ሲመጣ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ይያዝባቸዋል፤ ስለዚህ ውኃ ማጠራቀሚያም፣ ለከተማዋ የጎርፍ መከላከያም ናቸው።

በመግቢያው አካባቢ በ1899 የተተከለው የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ስለ ገንዳዎቹ መሠራት በእርግጥ የሚታወቅ ነገር እንደሌለ፣ በ1854 መቶ አለቃ ላምበርት ፕሌይፌር በአጋጣሚ እንዳገኛቸው፣ ከዚያም መንግሥት በ1856 የከተማዋን ውኃ ለማሻሻል እንዳስጠረጋቸው ይናገራል። መጠናቸውም ወደ 20 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለት ወደ 90 ሚሊዮን ሊትር መሆኑን ይመዘግባል። ፕሌይፌር ሥራውን በትጋት ሠርቷል፤ ፍርስራሽና ደለል የዋጣቸውን ገንዳዎች ማስቆፈር ቀላል አይደለም።

«አገኛቸው» የሚለው ቃል ግን መታረም አለበት። የየመኑ ሊቅ አልሐምዳኒ በ10ኛው መቶ ዓመት ስለ ኤደን የውኃ ማጠራቀሚያዎች ጽፏል። ኢብን በጡጣም በ14ኛው መቶ ዓመት ከተማዋን አይቶ፣ ውኃ የሌላት መሆኗንና ዝናብ ሲዘንብ የሚጠራቀምባቸው ገንዳዎች እንዳሏት መስክሯል። ደለል የሸፈነው ገንዳዎቹን ነበር እንጂ የአገሬውን ዕውቀት አልነበረም። ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አዲስ አይደለም። በ1770 ጄምስ ብሩስ ሰከላ ደርሶ የአባይን ምንጭ እንዳገኘ ሲያወራ፣ የግሽ አባይ ሰው ጸበሉን ሲጠጣና ሲጠመቅ ኖሯል፤ ፔድሮ ፓኤዝም ከእርሱ 150 ዓመት ገደማ ቀድሞ ምንጩን አይቶ ነበር።

ከጠዊላው ሰሌዳ ይልቅ ስለ ውኃ ሥራ የተጻፈ የሚወደድ ድንጋይ በሰሜን፣ በማሪብ ይገኛል። አጼ ካሌብ በ525 ገደማ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሒምያርን ካሸነፈ በኋላ ሥልጣኑ በአክሱማዊው ሹም በአብርሃ እጅ ገባ። አብርሃ በ548 የማሪብን ግድብ አሳድሶ፣ በሳባ ፊደል አስቀርጾ ሐውልት አቆመ። ጽሑፉ በመሐሪው አምላክና በመሲሑ ኃይል ብሎ ይጀምራል፤ ስለ ዐመፅ፣ ስለ ወረርሽኝ፣ ከአክሱሙ ንጉሥና ከሮም ስለመጡ መልእክተኞች ይተርካል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ለሠራተኞቹ ምን ያህል ዱቄት እንደተሰፈረ፣ ምን ያህል ቴምር እንደተሰጠ፣ ምን ያህል ከብት እንደታረደ በቁጥር ይዘረዝራል።